የሳተርን ፊት

«ክብሪት» የሚለውን ስም ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው። በልጅነቷ ትንሽ ነገር ሲነኳት ቦግ ትላለች፤ ሳህን ይሰበራል፣ በር ይደበደባል፣ ጎረቤት «ደግሞ ምን ሆኑ» ብሎ ብቅ ይላል። ጎረቤቱ ደጃፉ ላይ ሳይደርስ ግን ንዴቷ ጠፍቶ፣ የሰበረችውን እየለቀመች ትስቃለች። ቂም የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ስሙ እንደ ሙጫ ተጣበቀባት። ካደገችም በኋላ፣ ጸጉሯ ላይ ነጫጭ ክሮች ብቅ ብቅ ካሉም በኋላ፣ እናቷ እንኳ ዋና ስሟን የምታስታውሰው ሐኪም ቤት ካርድ ሲወጣ ብቻ ሆነ።

ሥራዋ ሥዕል ነው። ወንድሟ ይጽፋል፣ እሷ ትስላለች፤ ሁለቱ ተጋግዘው የሚያወጡት የሥዕል ታሪክ «ሰባቱ መንበሮች» ይባላል። አንባቢው ከትምህርት ቤት ልጅ እስከ ባንክ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ አዲስ ቅጽ በወጣ ቁጥር መጽሐፍ መደብር ደጃፍ ላይ ሰልፍ ይታያል። ታሪኩ ሰማይ ላይ መንበር ስላላቸው ሰባት ነገሥታት ነው፤ እያንዳንዱ ጠባዩን የሚወርሰው ከኮከቡ ነው። ጀግናዋ ማርስ ናት፦ ቀይ ካባ የለበሰች፣ የብረት ጓንት ያጠለቀች፣ አፏም እጇም ፈጣን። መንበሯን የነጠቃት ጠላቷ ሳተርን ነው፦ ጥቁር ለባሽ፣ ማጭድ ያዥ፣ ፊቱን ከእርሳስ በተሠራ ጭምብል የሸፈነ ሽማግሌ። ሳተርን አይሮጥም፣ አይጮህም። ያስጠብቃል። ሰው እስኪያረጅ፣ ግንብ እስኪፈርስ፣ ተስፋ እስኪቆረጥ ተቀምጦ ይጠብቅና ከዚያ ተነስቶ ያጭዳል። በስድስት ቅጽ ውስጥ ፊቱን ያየ አንድም አንባቢ የለም።

ይህ ሁሉ የተጸነሰው አክስታቸው ቤት፣ ጠረጴዛ ስር ነው። አክስታቸው ኮከብ ቆጣሪ ነበሩ። ሊጋቡ ያሰቡ «ኮከባችን ይገጥማል ወይ?» እያሉ፣ ዕቃ የጠፋባቸው «ማን ወሰደብኝ?» እያሉ ይመጣሉ፤ ሁለቱ ልጆች የጠረጴዛው ጨርቅ ስር ተደብቀው ይሰማሉ። «ማርስ ብረት ነው፣ ደም ነው፣ ማክሰኞ ነው፤ ይመታል፣ መትቶም ይረሳል» ይላሉ አክስትየው። «ሳተርን እርሳስ ነው፣ አጥንት ነው፣ ቅዳሜ ነው፤ አይመታም፣ አይረሳምም።» ወንድሟ ሲሰማ ያዛጋ ነበር። ክብሪት ግን ቤት ገብታ ትስላቸዋለች። ማርስን ሴት ያደረገቻት እሷ ናት፤ «ማርስማ ወንድ ነው» ብሎ ሲስቅባት ክንዱን ነክሳዋለች። ሳተርንን ጭምብል ያጠለቀችለትም እሷ ናት፤ ፊቱን ለመሳል ፈርታ። ወንድሟ ኋላ ላይ ጎርምሶ ብዕር ሲያነሳ፣ ያንን የሥዕል ክምር ነው ከአልጋዋ ስር ስቦ ያወጣው።

ነገሩ የተበላሸው የፊልም ሰዎች የመጡ ጊዜ ነው። አንድ ትልቅ የፊልም ድርጅት ታሪኩን ለቴሌቪዥን በተከታታይ ሊሠራው ፈለገ። ወንድሟ ብቻውን ሄዶ ብቻውን ፈረመ፤ ከማስተማር ሥራውም ያንኑ ሰሞን ለቀቀ። እሷ የሰማችው እንደ ማንኛውም ሰው ከቴሌቪዥን ነው። ከእናቷ ጋር ሳሎን ተቀምጣ የታጠበ ልብስ ታጥፋለች፤ ወንድሟ ደግሞ አዲስ ኮት ለብሶ፣ እግሩን አጣምሮ፣ ጠያቂዋ ፊት ተደላድሏል።

«ይህን ዓለም እንዴት ፈጠሩት?» አለችው ጠያቂዋ።

«ከልጅነቴ ጀምሮ ሰማይ ማየት እወድ ነበር» አለ።

ክብሪት የያዘችው አንሶላ እጇ ላይ ቀረ። ሰማይ! ያ ሲያዛጋ የነበረ ሰውዬ!

«ሥዕሉንስ?»

«እህቴ ናት። እጇ ጥሩ ነው። የነገርኳትን ቁጭ አድርጋ ትስለዋለች።»

እናቷ ጉልበቷን መታ አደረገቻትና «ሰማሽ? አመሰገነሽ እኮ!» አለች በኩራት።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ቤቱ ይታመስ ነበር። ያን ቀን ግን ሳህን አልተሰበረም። ክብሪት አንሶላውን ጫፍና ጫፉን አጋጥማ አጠፈችና ከሌሎቹ በላይ አስቀመጠችው። ሆዷ ውስጥ አንድ ከባድ ነገር ቁጭ አለ፤ አይሞቅ፣ አይንቀሳቀስ።

በነጋታው ደወለችለት።

«ጋሼ፣ ትናንት ቴሌቪዥን ላይ ያልከው ነገር…»

«አየሽኝ? ኮቱ አልጠበበኝም?»

«የነገርኳትን ትስላለች አልክ።»

«እና?»

«ማርስን ማን ነው የፈጠራት? ጭምብሉንስ?»

«ወይ ክብሪት! ቴሌቪዥን ላይ እኮ ነገር አይንዛዛም፤ ባጭር ባጭሩ ነው የሚወራው። ደግሞ ምን ቸገረሽ፣ ፊልሙ ሲሠራ ላንቺም አንድ ነገር አይጠፋም።»

«አንድ ነገር» አለች እየደገመች።

«አዎ፣ አንድ ነገር እንፈልግልሻለን።»

ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ቀን በኋላ «ጋሼ» ብላው አታውቅም።

የሰባተኛውና የመጨረሻው ቅጽ ጽሑፍ የደረሳት ብዙም ሳይቆይ ነው። ማርስና ሳተርን የሚፋለሙበት፣ አንባቢ ሁሉ አፉን ከፍቶ የሚጠብቀው ክፍል። ወረቀቱን እየገለጠች ስትሄድ መሃል ላይ እንዲህ የሚል አገኘች፦ «እዚህ ላይ ጭምብሉ ይወልቃል። ከስሩ ሰው አይቶት የማያውቅ ክፉ ፊት ይታያል። እንደ ፈለግሽ አድርጊው።»

«እንደ ፈለግሽ» የሚለውን ጮክ ብላ አነበበችው። ከዚያ ሳቀች። ብቻዋን፣ ባዶ ክፍል ውስጥ፣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

የምትሠራበት ክፍል ከልብስ ስፌት ቤት በላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ታች የስፌት መኪናው ሲንቀጠቀጥ ጠረጴዛዋም አብሮ ይንቀጠቀጣል፤ ስለዚህ ቀጭን መስመር የምታሰምረው ልብስ ሰፊው እረፍት ሲወጣ ነው። እዚያ ተቀምጣ ወንድሟን መሳል ጀመረች። ፎቶ አላስፈለጋትም። ከዛፍ የወደቀ ጊዜ ግራ ቅንድቡ ላይ የቀረችውን ጠባሳ አሰፈረች። ሲዋሽ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ቀኝ እንዴት እንደሚሸሽ፣ ሲያሞግሱት አፍንጫው እንዴት እንደሚነፋ፣ ሌላ ሰው ሲያወራ የራሱን ተራ የሚጠብቀውን ዓይኑን፣ ሁሉንም። አስመስላው ብቻ ብትተወው ቀልድ ሆኖ ይቀር ነበር። እሷ ግን ሳተርንን ጨመረችበት። ሳተርን አጥንት ነው ብለው የለ አክስታቸው! ጉንጩን አጎደጎደችው፣ ድዱን አሸሸችው፣ ትከሻውን አጎበጠችው፤ የወንድሟን ፊት ወስዳ ሰላሳ ዓመት አስረጀችው። የሰው የሆነውን ታቅፎ ያረጀ ሰው ፊቱ የሚሆነውን ሁሉ አደረገችው። እየሳለች ታፏጭ ነበር። አንድ ቀን መቅረጫው ላይ ጎንበስ ብላ ሳለ፣ የሳተርን ብረት እርሳስ፣ የሷም መሣሪያ እርሳስ መሆኑ ትዝ አላትና ደስ አላት።

ወንድሟ ከኅትመት በፊት ያየው ጽሑፉን ብቻ ነው። ጽሑፉ ለብቻው ተለቅሞ ይላክለታል፤ ሥዕሉን «እሷ ታውቃለች» ብሎ ማየት ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። አንድ ቦታ አራት ነጥብ ጎድሏል ብሎ መለሰው።

አሳታሚዋ ግን ሥዕል የሚያዩ ሴት ናቸው። ገጹ ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ቆዩ።

«ይህን ሰው የሆነ ቦታ አውቀዋለሁ» አሉ።

«ክፉ ሰው ሁሉ ይመሳሰላል፣ እትዬ።»

«ወንድምሽ አይቶታል?»

«ጽሑፉን አይቷል።»

ወይዘሮዋ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው እንደገና አዩት፤ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቅ ነው። «ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ሲሉ እሰማ ነበር» አሉ። «እርሳስ ማዋስም እንደማያዋጣ ዛሬ አየሁ።» ከዚያ በጣታቸው ሒሳብ አሰሉ፤ ነጋዴ ናቸው። «እኔ ምንም አላየሁም። ሥዕሉ ያንቺ ነው፤ ማንም እጁን አያስገባበትም። ኅትመቱን ግን በእጥፍ አሳድገዋለሁ።»

መጽሐፉ የወጣ ቀን የከተማው ትልቁ መጽሐፍ መደብር በሰው ታጨቀ። ወንድሟ ፊት ለፊት፣ አበባ የተቀመጠበት ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ይፈርማል። ለክብሪትም ወንበር ተዘጋጅቶላት ነበር፤ ከአምዱ ጀርባ። ወንበሩን ጎትታ ፊቱን ማየት የምትችልበት ቦታ ላይ አደረገችው።

ሰልፉ ላይ ያሉት መጽሐፋቸውን እየገለጡ ነበር። ሁሉም የሚፈልገው ያንኑ ገጽ ነው። መጀመሪያ አንዲት ቀጭን ሴት አፏን በእጇ ያዘች። መጽሐፉን አየች፣ ሰውየውን አየች፣ መልሳ መጽሐፉን አየች፤ ከኋላዋ የቆመውን በክርኗ ጎሸም አደረገችው። እሱም አንገቱን አሰገገ። ከዚያ ነገሩ ነፋስ ሣር ላይ እንደሚሄድ በሰልፉ ላይ ሄደ፦ መጀመሪያ ሹክሹክታ፣ ቀጥሎ የታፈነ ሳቅ፣ ቀጥሎ ያልታፈነ። ወንድሟ አቀርቅሮ እየፈረመ፣ ሰው የተደሰተ መስሎት አብሮ ፈገግ አለ። ፈገግ ሲል ደግሞ አፍንጫው ተነፋ። ያኔ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ተራዋ የደረሰ አንዲት ትንሽ ልጅ መጽሐፏን ታቅፋ ፊቱ ቆመች። አልሳቀችም።

«መንበሩን ለምን ሰረቅክባት?» አለችው።

«ምን አልሽ የኔ ቆንጆ?»

«የማርስን መንበር። የሷ ነበር እኮ።»

ወንድሟ መጽሐፉን ከልጅቷ እጅ ተቀብሎ ገለጠ። ክብሪት የመጣችው ለዚህ ነበር። ደሙ ከፊቱ ሲሸሽ አየች። ከንፈሩ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ጉንጩ ጎደጎደ፤ ሥዕሉና ሰውየው ከመቼውም በላይ ተመሳሰሉ። ቀና ብሎ በሰው አናት ላይ አሻግሮ ፈለጋት፤ አገኛት። እሷም እጇን አንስታ፣ በጣቶቿ ብቻ፣ ቻው አለችው።

ከዚያ ወዲህ ወንድሟ መንገድ ላይ በሰላም መሄድ አቃተው። ገበያ ሲገባ «ሳተርን መጣ፣ ዕድሜያችሁን ደብቁ» ይሉታል። አውቶቡስ ሲጠብቅ «አንተማ መጠበቅ ታውቅበታለህ» ይሉታል። ፊቱን ለመሸፈን ጺሙን አሳደገ፤ ጺሙ ሸብቶ ስለነበር ይብሱን ሳተርንን ሆነ። ተላጨው፤ ከስቶ ስለነበር ያም አልበጀው። ክብሪት ይህን ሁሉ ከእናቷ አፍ እየሰማች እንቅልፏ አማረ፣ ምግብ ተስማማት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እሷ ግን የወጋውም እንዳይረሳ አድርጋለች።

ያልሳቀችው እናቷ ናት። መጽሐፉን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ሥዕሉን በአውራ ጣቷ እየዳበሰች፣ «ይሄ አፍንጫ የአባታችሁ ነው» አለች። «ይሄም ግንባር። አንቺስ ከማን ያመጣሽው መሰለሽ? መስታወት ፊት ቁሚ እስቲ። የማንን ፊት ነው እንዲህ ያደረግሽው?»

«የሱን።»

«የኔን ልጅ» አለች እናቷ፤ መጽሐፉን ዘግታ መሶብ ላይ ሳይሆን፣ መደርደሪያ ላይ ሳይሆን፣ ሶፋው ስር ከተተችው።

ወንድሟ አንድ ከሰዓት በኋላ በር ሳያንኳኳ ክፍሏ ገባ። ታች የስፌት መኪናው እየተንቀጠቀጠ ነው።

«ደስ አለሽ?»

«በጣም።»

«በአገር ፊት አዋረድሽኝ።»

«እንደ ፈለግሽ አድርጊው ብለህ ጽፈህልኛል። የነገርከኝን ቁጭ አድርጌ ሳልኩ።»

የሚቀመጥበት ፈልጎ አጣ፤ ወንበሩ ላይ ወረቀት ተከምሯል፣ እሷም አላነሳችለትም። ግድግዳውን ተደገፈ። ድምፁ ዝቅ አለ።

«ማርስ ማን እንደሆነች ታውቂያለሽ?»

«ማን ናት?»

«አንቺ ነሽ። ሳህን የምትሰብረው፣ መትታ የምትስቀው፣ ቂም ይዛ አንድ ሌሊት አድራ የማታውቀው። የምትናገረው ሁሉ ካንቺ አፍ የለቀምኩት ነው። ስድስት ቅጽ ሙሉ ጀግና ያደረግኩት አንቺን ነው። አንቺ ግን እኔን ይህን አደረግሽኝ።»

ይህን ሲል ታለቅሳለች ብሎ ጠብቆ ነበር፤ ፊቱ ላይ ይነበባል። ክብሪት እርሳሷን አስቀመጠች።

«ይህን ለማን ነገርክ?»

«ምኑን?»

«ማርስ እኔ መሆኔን። ለቴሌቪዥኗ ሴት ነገርካት? ለፊልም ሰዎቹ? ለእማዬ?»

ከተደገፈው ግድግዳ ተነስቶ ወደ በሩ ተራመደ።

«እኔ ሐሳቤን ብቻ የወሰድክብኝ መስሎኝ ነበር» አለች። «ለካ እኔንም ጨምረህ ነው የሸጥከኝ።»

ወንድሟ በሩን ከፈተ፤ ግን አልወጣም። ጀርባውን እንደሰጣት ተናገረ። «ቢሆንም ተሳስቼ ነበር። ማርስ ብትሆኚ ያኔውኑ መጥተሽ በጥፊ ትይኝ ነበር። ማታውን አብረን እራት እንበላ ነበር። ጠባብ ክፍል ውስጥ አድፍጦ፣ አጥንቴን አንድ በአንድ እየቆጠረ፣ ወራት ሙሉ የሚጠብቅ ማን ነው? ጭምብሉን ያወለቅሽው ከተሳሳተ ሰው ፊት ላይ ነው።»

ሄደ። ክብሪት ቁጭ እንዳለች ቀረች። ቃሉ ገብቷታል፤ የሚያም ቃል የሚመርጥ ሰው ነው፣ ሥራው ነው። ብታስተባብለው ደስ ባላት፣ ግን ሐሰት አልነበረም። ታች መኪናው ቆመ፣ እንደገና ተነሳ። «እሺ» አለች በመጨረሻ። «ሳተርን ነሽ ካልከኝ፣ ሳተርን ልሁንልህ።»

አጋጣሚው ራሱ እግሯ ስር መጣላት። ወንድሟ ለፊልም ድርጅቱ የሸጠው ታሪኩን ነው። ካባው፣ ጓንቱ፣ ጭምብሉ፣ የሰባቱ መንበሮች መልክ የሷ ሥዕል ነው፤ ያለ እሷ ፈቃድ አንድም ልብስ አይሰፋም። የፊልም ሰዎቹ ይህን የተረዱት ዘግይተው ነው። ሁልጊዜ ኮፍያ የማይለየው ሰውያቸው መጥቶ በትሕትና ተቀመጠ።

«እመቤቴ፣ ፈቃድዎን ብቻ ነው የምንፈልገው። ሌላው አልቋል።»

«ላስብበት።»

«እስከ መቼ እንጠብቅ?»

«አስቤ እነግራችኋለሁ» አለች ፈገግ ብላ።

አላሰበችም። እንዲሁ ተወችው። ሰውየው ሲደውል ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ሲሽከረከር ታየዋለች፤ አንዳንዴ ታነሳና «ሥራ በዝቶብኛል፣ ሌላ ሰሞን» ትላለች። እምቢ አላለችም፤ እምቢ ብትል ሌላ ሰዓሊ ይፈልጉ ነበር። እሺም አላለችም። በመሃል ቤት አንጠልጥላ ያዘቻቸው። ተዋንያኑ ሌላ ሥራ ይዘው መበተን ጀመሩ፤ ድርጅቱም ለወንድሟ «ከእህትህ ጋር ሳትጨርስ እንዳትመጣ» አለው። ሥራ ከለቀቀ ቆይቷል፤ ትምህርት ቤቱ በቦታው ሌላ መምህር ቀጥሯል።

መጀመሪያ ሚስቱ መጣች። ክብሪት ትወዳታለች፤ ሻይ አፍልታ፣ ወንበሩ ላይ ያለውን ወረቀት አንስታ አስቀመጠቻት።

«እኔ በናንተ መሃል አልገባም» አለች ሚስቱ። «ግን ሌሊት ተነስቶ ኩሽና ይቀመጣል። ምን ልበለው?»

«መጥቶ ይንገረኝ በይው።»

«ምን ብሎ?»

«እሱ ቃል አይቸግረውም።»

ቀጥሎ እናቷ መጣች፤ ደረጃውን እያለከለከች ወጥታ፣ በሩ ላይ እንደቆመች ጀመረች። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ሲባል አልሰማሽም?»

«እየጸለይኩ አይደለም እኮ፣ እማዬ።»

እናቷ ልትቆጣ አስባ ሳቋ አመለጣት፤ በሳቋ ተናደደችና ሻይ ሳትቀምስ ወረደች።

በመጨረሻ ራሱ መጣ። አሁን አንኳኳ። ክብሪት «ቆይ» አለችው። ኮሪደሩ ላይ አንድ እግሩ የላላ ወንበር አለ፤ ሲቀመጥበት ሲንቋቋ ሰማች። የያዘችው ሥራ የሚያስቸኩል አልነበረም። የአንድ ግንብ ጥላ እያጠቆረች ነበር፤ ያንኑ ጥላ ደግማ አጠቆረችው። ልብስ ሰፊው እረፍት ወጥቶ ተመለሰ። በበሩ ስር የወንድሟ ጫማ ጫፍ ይታያታል፤ ቆዳው ተላልጧል። ልቧ ራራ ልበል? አልራራም። ጥላውን ለሦስተኛ ጊዜ አጠቆረችውና «ግባ» አለች።

ገባ። ኮቱ ሰፍቶታል።

«ምን ልበል?» አለ።

«ማን እንደፈጠረው በል። አንተ ምን እንደሠራህም በል። ያንተን አልነጥቅህም፤ ቃሉ ያንተ ነው።»

«በቴሌቪዥን?»

«ያኔ የተናገርከው የት ነበር?»

ራሱን ነቀነቀ። ይቅርታ አላለም። እሷም አልጠየቀችም፤ ቢል የምትመልሰው ስላልነበራት።

ድርጅቱ ትልቅ አዳራሽ ተከራይቶ ጋዜጠኛ ሰበሰበ። ወንድሟ ድምፅ ማጉያው ፊት ቆመ። ክብሪት ከፊት ወንበር ተቀምጣ፣ ሲንተባተብ፣ ቃል ሲያጥረው፣ ሲቅለሰለስ ለማየት ተዘጋጅታ ነበር። እሱ ግን አንድ ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገና ነገሩን ከሥሩ ተናገረው፤ ስለ ጠረጴዛው ጨርቅ፣ ስለ አክስታቸው ድምፅ፣ ክንዱን ስለነከሰችው ልጅ፣ ከአልጋዋ ስር ስቦ ስላወጣው ሥዕል። «የኔ ያልሆነውን የኔ ነው ብዬ ተቀምጬበት ነበር» አለ። «ሳተርን ፊቴን መምሰሉ እውነት ነው።» አንዲት ቃል አልጎደለችውም፣ አንዲት ቃል አልበዛችበትም።

መጀመሪያ ጣፈጣት። አዎ፣ ጣፈጣት፤ ስሟ በአገር ፊት ሲጠራ፣ ካሜራው ሁሉ ወደሷ ሲዞር፣ ሆዷ ውስጥ የተቀመጠው ከባድ ነገር ተነቃነቀ። ግን ንግግሩ ሲያልቅ አዳራሹ ተነስቶ ያጨበጨበው ለሱ ነበር። አጠገቧ የተቀመጠች ሴት ዓይኗን በመሐረብ እየጠረገች «እንዴት ያለ ትሑት ሰው ነው!» አለቻት። ክብሪት ጥርሷን ነክሳ አጨበጨበች።

ፈቃዱን ሰጠች። ፊልሙ ተሠራ፤ ስሟ ከስሙ በላይ ተጻፈ። መንገድ ላይ «ሳተርን» የሚለውን ስም ሰው ቀስ በቀስ ተወለት፤ አሁን የሚያስቆሙት እጁን ሊጨብጡት ነው። ከእህቱ ጋር ግን ከዚያ አዳራሽ ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም። እናታቸው ቅዳሜ ለሱ፣ እሑድ ለሷ ምሳ ትሠራለች። «ሁለት ልጅ ወልጄ ሁለት ቀን ሆናችሁብኝ» ትላለች።

ክብሪት ብቻዋን አዲስ መጽሐፍ ጀመረች። በዚህኛው ጀግናዋ ጨረቃ ናት፤ የብር ዘውድ ያላት፣ መልኳ በየገጹ የሚለዋወጥ ልጅ። ሥዕሉ እስከ ዛሬ ከሠራችው ሁሉ ይበልጣል፤ ይህን ራሷም ታውቃለች። ልጅቷ አፏን ስትከፍት ግን ችግር ነው። ክብሪት ንግግር የሚጻፍባቸውን ነጫጭ ክቦች እያየች ትጽፋለች፣ ትሰርዛለች፤ የጻፈችው ሁሉ የማስታወቂያ ሰሌዳ ይመስላል። ወንድሟ ቢሆን ሻይው ሳይቀዘቅዝ ያገኘው ነበር። አንድ ቀን ስልኳን አንስታ ስሙ ላይ ጣቷን አሳርፋ ቆየች። ከዚያ ስልኩን ሳጥን ውስጥ ከታ፣ ላጲስ አነሳችና ክቦቹን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አጠፋቻቸው።

አሳታሚዋ ገጹን ሲገልጡ ቆይተው፣ «መቼ ነው የምትናገረው?» አሉ።

«አትናገርም።»

«ሳትናገር ያልቃል?»

«ያልቃል።»

«የኔ ልጅ፣ ወንድምሽን አንድ ቀን ብቻ…»

«እንዲሁ ይታተም፣ እትዬ።»

ታተመ። በመጽሐፍ መደብሩ ደጃፍ ሰልፍ አልነበረም፤ የገዙት ግን ሥዕሉን ወደዱት። ክብሪት የራሷን ቅጂ ይዛ ወደ ክፍሏ ወጣች፤ ወረቀቱን ከወንበሩ ላይ አነሳች፣ ተቀመጠች፣ የሚቀጥለውን ጀመረች።